የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ዘር ከልጓም ይስባልን?

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማርና ዕድሜውን ሙሉ በጋሪ ሥራ የኖረ ሰው ስለ ነበር፣ ከፈረስ ጋር የተዋወቅሁት ገና በእግሬ ሳልሄድ ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው በዓል ሐረር የሚኖሩት አጎቴ እኛ ቤት መጥተው ሳለ፣ የውጭ አገር የፈረስ እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ስንመለከት ክርክር ተነሣ። አጎቴ “ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም? ፈረስ የሚሮጠው እናትና አባቱ በሮጡት ልክ ነው፤ አሠልጣኝ የሚበላው የዘሩን እንጀራ ነው” ይላሉ። እኔ ደግሞ አንዱ ፈረስ በአባቴ እጅ ሲገባና በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ሌላ ፍጥረት ሲሆን እያየሁ ስላደግሁ፣ ዋናው ሥልጠናና አያያዝ ነው ብዬ ተከራከርሁ። ነገሩ ሳይቋጭ ስለ ቀረ በእርስዎ ፍርድ ልንገዛ ተስማምተናል፤ የተረታውም ለፋሲካ በግ ይገዛል። ለመሆኑ ለእሽቅድምድም ፈረስ የሚበልጠው ዘሩ ነው ወይስ ሥልጠናው? የእኛ የጋሪ ፈረሶችስ ከውርንጭላነታቸው ጀምሮ በወጉ ቢሠለጥኑ ከእነዚያ ጋር መወዳደር አይችሉም?

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ በጉን ማን እንደሚገዛ ለመፍረድ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የትኛው ፈረስ ከየትኛው ጋር እንደሚነጻጸር ነው፤ ፍርዱ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ታግሣችሁ ተከተሉኝ። አጎትዎ የጠቀሱት ምሳሌ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ፈረስ የተነገረ አይደለም፤ ፈረስ በልጓም ከሚሳበው ይበልጥ ሰው በሥጋ ዘመዱ ይሳባል ለማለት ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ዘርንና ልጓምን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጣቸው ለእናንተ ክርክር ታስቦ የተደረገ ያህል ስለሚመች፣ አጎትዎን ምሳሌውን አልነጥቃቸውም።

በቴሌቪዥን ያያችኋቸው ፈረሶች ቶሮብሬድ የሚባለው ዝርያ ሳይሆኑ አይቀሩም። የዚህ ዝርያ የአባት ሐረግ የሚመዘዘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች (ለዘር የሚያገለግሉ ወንድ ፈረሶች) ነው፤ እነርሱም ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን ይባላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛውን ቶማስ ዳርሊ የተባለ ሰው ከሶርያዋ ሐለብ ገዝቶ በ1704 ወደ ዮርክሺር ልኮታል፤ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ቶሮብሬዶች 95 ከመቶ ያህሉ በአባት በአባት ሲቆጠሩ የሚደርሱት ወደዚህ አንድ ፈረስ ነው። የትውልድ መዝገባቸው በ1791 መታተም ጀመረ፤ ዛሬ እናቱም አባቱም በመዝገቡ ያልሰፈሩ ውርንጭላ አይመዘገብም፤ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴም እስከ ዛሬ ክልክል ስለሆነ፣ ድንጉላውና ባዝራዋ (ሴቷ ፈረስ) በአካል መገናኘት አለባቸው። እንግዲህ በመነሻው መስመር ላይ ተሰልፈው ያያችኋቸው ፈረሶች ሁሉም የአንድ ቤተ ዘመድ ልጆች ናቸው፤ ሯጩን በማስቀረትና ዘገምተኛውን ከዘር በማስወጣት 300 ዓመት ሲበጠሩ የኖሩ። ዘር የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ የጨረሰው ውድድሩ ሳይጀመር በፊት ነው።

ለዚህ የሐረርጌ ማሽላ ዘሪ ቢጠየቅ ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። ከአንድ ጆንያ የወጣ ማሽላ ገሚሱ በደለል መሬት፣ ገሚሱ በጭንጫ ላይ ቢዘራ፣ በመከር ጊዜ የሚታየው ልዩነት የመሬቱ ነው እንጂ የዘሩ አይደለም፤ ዘሩ አንድ ነውና። ከአሥር ቤት የተለቃቀመ ማሽላ በአንድ ለጥ ያለ ደለል ላይ ቢዘራ ግን ልዩነቱ የዘሩ ይሆናል። “ዘር ይበልጣል ወይስ አያያዝ?” የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ለአንድ ማሳ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ማሳው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል። የእሽቅድምድም ፈረሶች ከአንድ ጆንያ የወጣውን ማሽላ ይመስላሉ።

በ2008 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል። የብዙ ቶሮብሬዶችን የዕድሜ ልክ የሽልማት ገቢ ከትውልድ ሐረጋቸው ጋር አነጻጽረው ሲያሰሉ፣ በፈረሶቹ መካከል ካለው የገቢ ልዩነት በዘር ውርስ ሊብራራ የቻለው 10 ከመቶ ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ውድ ዋጋ የሚከፈልባቸው ድንጉላዎች ልጆች ይበልጥ ሲያሸንፉ የምናየው ለምንድን ነው? ባዝራውን በድንጉላ ለማስጠቃት ብዙ ሺህ ዶላር መክፈል የቻለ ባለሀብት፣ የሚወለደውን ውርንጭላ ለተሻለ አሠልጣኝ፣ ለተሻለ ሐኪምና ለተሻለ ጋላቢ መስጠትም ስለሚችል ነው። ዘርና እጅ አብረው ስለሚጓዙ የአንዱ ሥራ በሌላው ስም ይመዘገባል። በእኛም አገር ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ዲባባ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳልያ ማግኘታቸውን፣ ደራርቱ ቱሉም የሥጋ ዘመዳቸው መሆኗን ሰምቶ “ደም ነው!” የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን አራቱም የበቆጂን ከፍታና የሩጫ ልማድም ተካፍለዋል፤ ይህን ሁሉ ከደሙ ነጥሎ መመዘን ለማን ይቻላል?

አጎትዎ በዚህ አኃዝ እንዳይቀየሙ፣ ገበያው ራሱ የሰጠውን ምስክርነት ልጨምር። በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ ዘ ግሪን መንኪ የተባለ የ2 ዓመት ፈረስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በትውልዱ የታላላቆቹ ሯጭ ፈረሶች፣ የእነ ኖርዘርን ዳንሰርና የእነ ሴክሬታሪያት ዘር ነው፤ ከሽያጩ በፊት ለገዢዎች ሲታይም 200 ሜትር ያህሉን በ9.8 ሴኮንድ ጋልቦ ነበር። ከዚያ በኋላ የሮጠው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱንም አላሸነፈም፤ በዕድሜው ያስገኘው ሽልማት ከ10 ሺህ ዶላር እምብዛም አይበልጥም። በአንጻሩ ያ የአያቱ አያት ኖርዘርን ዳንሰር በውርንጭላነቱ ለሽያጭ ቀርቦ 25 ሺህ ዶላር የሚሰጠው ታጥቶ ነበር፤ ቁመቱ አጭር ስለ ነበር ገዢዎች ናቁት። በ1964 የኬንታኪ ደርቢን በ2 ደቂቃ ልክ ጨርሶ አሸነፈ፤ ቆይቶም በዘመናዊው እሽቅድምድም ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያለው አባት ፈረስ ሆነ። ልብ በሉ፣ የገዢዎቹ ዓይን የሳተው ዘርን በመናቁ አይደለም፤ ዘር በአንድ በተወሰነ ውርንጭላ ላይ ምን እንዳስቀመጠ ከውጭ ሆኖ ማንበብ ስለማይቻል ነው።

እኔ ግን ለእናንተ ክርክር ከሁሉ የሚስማማው የሲቢስኪት ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ይህ ፈረስ በ1933 አሜሪካ ውስጥ ሲወለድ አያቱ ማን ኦ ዎር ነበር፤ ከ21 ውድድር 20ውን ያሸነፈ፣ በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት ፈረስ። የልጅ ልጁ ግን የመጀመሪያዎቹን 17 ውድድሮች በሙሉ ተሸነፈ። በ2 ዓመት ዕድሜው ብቻ 35 ጊዜ ተሯሯጠ፤ ይህም ለአንድ ታዳጊ ፈረስ ከልክ ያለፈ ነው። ሰነፍ፣ እንቅልፋምና በላተኛ የሚል ስም ወጣለት። የመጀመሪያ አሠልጣኙ መናኛ ሰው ነበሩ እንዳይባል፣ በ1930 እና በ1935 ሦስቱንም ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች ያሸነፉ ሁለት ፈረሶችን ያበቁ ስመ ጥር ባለሙያ ነበሩ፤ ግን በእጃቸው ብዙ ፈረስ ስለ ነበረ ይህኛው ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ቀረ። በ1936 ቻርልስ ሃዋርድ የተባሉ ባለሀብት በ8 ሺህ ዶላር ገዝተው ቶም ስሚዝ ለተባለ ዝምተኛ አሠልጣኝ ሰጡት። ስሚዝ ፈረሱን ወዲያው አላስጋለበውም። ሥጋው እስኪመለስ መገበው፤ እስኪጠግብ እንዲተኛ ተወው፤ በጋጣው ውስጥ ብቻውን ሲሆን ይንቆራጠጥ ስለ ነበር ፓምፕኪን የተባለ ረጋ ያለ ፈረስ ጓደኛ አድርጎ አስገባለት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር መባቻ 1938፣ ሲቢስኪት በፒምሊኮ ሜዳ ከዎር አድሚራል ጋር አንድ ለአንድ ተገናኘ። ዎር አድሚራል በ1937 ሦስቱንም ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈ ፈረስ ሲሆን፣ ልማዱም ከመነሻው ፈትለክ ብሎ መምራትና ማንንም አለማስቀደም ነው። ሲቢስኪት ደግሞ ከኋላ እየመጣ የሚቀድም ዓይነት ነበር። ስሚዝ ይህን አውቆ ውድድሩ የሚጀመርበትን ዓይነት ደወል በልምምድ ላይ እያስደወለ፣ ደወሉ በተሰማ ቁጥር ፈረሱ ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲፈናጠር አስለመደው። በውድድሩ ዕለት ደወሉ ሲደወል የቀደመው ሲቢስኪት ሆነ፤ ዎር አድሚራል መሐል ላይ ቢደርስበትም በመጨረሻ በአራት የፈረስ ርዝመት ተቀደመ። ዎር አድሚራል የማን ኦ ዎር ልጅ ነው፤ የሲቢስኪት አባትም እንዲሁ። እንግዲህ ዎር አድሚራል ለሲቢስኪት አጎቱ ነው ማለት ነው። የወንድም ልጅ አጎቱን በአንድ ዓይነት ደም ረታው፤ የረታውም በደወል ልምምድ ነው። (አጎትዎ ይህን አንቀጽ ሲያነብቡ አጠገባቸው ባይገኙ ይሻላል።)

ሥልጠና በሥጋ ላይ ምን ያደርጋል ለሚለው፣ ይህን መልስ እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ማለዳ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወርጄ ነበር። ባለጋሪው ፈቅዶልኝ፣ አሸዋ ጭነው ዳገቷን ወጥተው የቆሙ ሁለት ፈረሶችን ከመንጋጋቸው ሥር የሚያልፈውን የደም ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ በሰዓቴ ቆጠርሁ። ዳማው በደቂቃ 96፣ ግራጫው 100 ይመታ ነበር። ባለጋሪው ኮርቻውን አላልቶ ውኃ እስኪያጠጣቸው 10 ደቂቃ ጠብቄ እንደገና ስቆጥር ዳማው ወደ 52 ወርዷል፤ ግራጫው ግን ገና 76 ላይ ነው፤ የአፍንጫው ቀዳዳም እንደ ተከፈተ ነበር። ሁለቱን አንዲት ባዝራ በዓመት ልዩነት ወልዳቸዋለች። ግራጫው እግሩ ቆስሎ ሁለት ወር ቆሞ ከከረመ በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰው ከሳምንት ወዲህ ነው። ጤነኛና የተለማመደ ፈረስ ከከባድ ሥራ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ60 በታች መውረድ አለበት ይባላል፤ እናት አንድ ብትሆንም ልብ የሚጠነክረው በየፊናው ነው።

የፈረስ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ30 እስከ 40፣ በሽምጥ ግልቢያ ላይ ሳለ ግን ከ220 በላይ ይመታል። ጣፊያው የቀይ ደም ሕዋስ ጎተራ ስለሆነ፣ ሲጋልብ ያጠራቀመውን ወደ ደም ሥር ይለቅና ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙን በደቂቃዎች ውስጥ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ትንፋሹም ከእርምጃው ጋር የተቆራኘ ነው፤ በግልቢያ ላይ አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ሥልጠና ግን ልቡን ያሰፋዋል፣ የደሙን መጠን ይጨምረዋል፣ ጡንቻው ኦክስጅንን አብቃቅቶ እንዲጠቀም ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ አጥንቱን ያጠነክረዋል። ከፈረስ የፊት ጉልበት በታች ጡንቻ የለም፤ አጥንትና ጅማት ብቻ ነው፤ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ሥጋ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲበር፣ በየእርምጃው አንዱ እግር ብቻውን ሁሉንም የሚሸከምበት ቅጽበት አለ። ይህ አጥንት የሚጠነክረው ጫና በልኩ ሲደርስበት ነው፤ ሲያንሰው ይሳሳል፣ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጎበዝ አሠልጣኝ ትልቁ ጥበብ፣ በእኔ ግምት፣ ፈረሱን ማፍጠን አይደለም፤ ፈረሱ ይዞት የተወለደውን ፍጥነት ሳይሰበር እስከ መነሻው መስመር ማድረስ ነው። ብዙ ባለ ዘር ፈረሶች የሚቀሩት ከዚህ መንገድ ላይ ነው።

ዘር የማይበገርበት ቦታም አለ። በ2010 የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ማዮስታቲን በተባለው የጡንቻ ዕድገትን በሚቆጣጠር ዘረመል ላይ ያለ አንድ ልዩነት፣ ፈረሱ ለአጭር ርቀት፣ ለመካከለኛ ወይስ ለረጅም ርቀት እንደሚመች ለማወቅ እንደሚያስችል አሳይተዋል። ነገሩን በጋዜጣ “የፍጥነት ዘረመል” ብለው ስለ ጠሩት ብዙ ሰው አሳሳተ፤ የሚናገረው ፈረሱ ያሸንፋል አያሸንፍም ሳይሆን በየትኛው ርቀት ቢሞከር ይሻላል የሚለውን ነው። ለአጭር ርቀት የተፈጠረውን በሥልጠና ብዛት የረጅም ርቀት ፈረስ ለማድረግ መድከም፣ የጭነት መኪና ገዝቶ ባጃጅ እንዲሆን መመኘት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ ጋሪ ፈረሶቹ ልመለስ። እዚህ ላይ አጎትዎ ያለ ጥርጥር ያሸንፋሉ፤ ማሳው ተለውጧልና። የአገራችን ፈረሶች ቁመት ከትከሻ ላይ ሲለካ ከ1.40 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ቶሮብሬድ ከ1.60 ሜትር በላይ ይቆማል። የእርምጃ ርዝመት፣ የልብ ስፋትና የጡንቻ ዓይነት ልዩነቱ በየትኛውም የሥልጠና ሜዳ አይሞላም። ይህ ማለት ግን የእኛዎቹ ዘር የላቸውም ማለት አይደለም። ሰላሌ የራሱ ፈረስ አለው፣ ባሌ የራሱ አለው፣ ወደ ጅግጅጋና ኦጋዴን ስትወርዱ ዊልዋል የሚባለው አለ፤ ከሐረር ብዙም በማይርቀው የቁንዱዶ ተራራ አናት ላይም ጥቂት የዱር ፈረሶች ኖረዋል። እነዚህ የተመረጡት፣ አብዛኛውን ጊዜም በተፈጥሮ በራሷ የተመረጡት፣ በሌላ ውድድር ነው፦ ድርቅን መቻል፣ ጥቂት በልቶ ብዙ መሥራት፣ ዳገትን አለመፍራት። በድሬዳዋ ቀትር ላይ፣ የማሽላ አገዳ ቆርጥሞ፣ ጋሪ እየጎተተ መዋል ውድድር ቢሆን ኖሮ የ16 ሚሊዮን ዶላሩ ፈረስ ምናልባት ሁለተኛውን ቀን አያይም ነበር። ቆላማው አካባቢ በሚነክሱ ጥቃቅን ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታም ከውጭ የመጣ፣ ያልተከተበ ፈረስን ምንም አይምርም።

በነገራችን ላይ፣ በእኛ ታሪክ ዘርና አሠልጣኝ እኩል አልተከበሩም። የሐረርጌው ገዥ ራስ መኮንን በፈረሳቸው ስም አባ ቃኘው ተብለው ሲጠሩ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ ደግሞ አባ ነጋ ተብለዋል፤ የፈረሱ ስም ለጌታው ማዕረግ ሆኖ እስከ ዛሬ ኖሯል። ያን ፈረስ ከውርንጭላነቱ የገራውን፣ ልጓም ያስለመደውን፣ ሌሊት ተነሥቶ ገብስ የሰጠውን ባልደራስ ስሙን የሚያስታውስ ግን የለም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የጋሪ ፈረስን ከቶሮብሬድ ጋር ለሚያነጻጽረው ጥያቄ ያሸነፉት አጎትዎ ናቸው፤ ክርክሩ የተነሣው ግን በቴሌቪዥን ስለምታዩአቸው፣ ከአንድ ጆንያ ስለ ወጡት ፈረሶች ነበርና፣ በእነርሱ መካከል አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየው በአብዛኛው አያያዝና ሥልጠና ስለሆነ በጉን አጎትዎ ይግዙ። ሐረር ላይ ከገዙት እስከ ድሬዳዋ ድረስ የማጓጓዣውን እርስዎ ቢችሉ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦

ሐረር ጀጎል አካባቢ ነዋሪ ነኝ። አንዲት ባዝራ አለችኝ፤ ላስጠቃት አስቤ ድንጉላ ሳፈላልግ ደላላው “ዋናው አባት ነው፤ እናቲቱ ማኅደር ናት፤ አታስብ” አለኝ። ልክ ነውን?

መልስ፦

ደላላው የሚሸጠው ድንጉላ እንጂ ባዝራ ስላልሆነ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ውርንጭላው ከእናትና ከአባቱ ዋናውን ዘረመል እኩል ከመውሰዱም ሌላ፣ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል ዘረመል የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። “ማኅደር ናት” የተባለውን ቃል ደግሞ በ1938 ካምብሪጅ ውስጥ ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ፈትነውታል። ሽር የተባለውን ግዙፉን የእንግሊዝ ፈረስና ሼትላንድ የተባለውን ድንክ ፈረስ በሁለቱም አቅጣጫ አዳቀሏቸው። ዘሩ በሁለቱም ወገን ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሆኖም ግዙፏ ባዝራ የወለደችው ውርንጭላ ድንኳ ከወለደችው እጅግ ገዝፎ ተወለደ፤ ልዩነቱም ካደጉ በኋላ እንኳ አልጠፋም። ማኅደሯ ራሷ ታሳድጋለች።

ከእሽቅድምድሙ ዓለም አንድ ማስረጃ ብቻ ልጨምር። ሴክሬታሪያት በ1973 ቤልሞንት ላይ በ31 የፈረስ ርዝመት ብልጫ ያሸነፈ፣ የ2,400 ሜትር ገደማውን ርቀት በ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ የጨረሰ ፈረስ ነው፤ ያ ክብረ ወሰን እስከ አሁን አልተሰበረም። ከ600 በላይ ውርንጭላ አስወልዶ አንዱም እርሱን አላከለም፤ ሰዉም አባትነቱን አፌዘበት። ዘሩ የታየው ግን በሴቶች ልጆቹ በኩል ነው፦ ስቶርም ካት፣ ኤ ፒ ኢንዲና ጎን ዌስት የተባሉት ታላላቅ አባት ፈረሶች ሦስቱም ከሴክሬታሪያት ሴቶች ልጆች የተወለዱ ናቸው።

ስለዚህ ድንጉላውን ከመፈለግዎ በፊት ባዝራዎ ሥጋዋን ይያዝ፤ እርግዝናው 11 ወር ያህል ስለሆነ ከአሁኑ አስልተው ውርንጭላው ሣር ባለበት ወራት እንዲወለድ ያድርጉ። በወለደች ጊዜ ደግሞ ውርንጭላው እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥባቱን ቆመው ይዩ፤ የፈረስ ልጅ በሽታ መከላከያውን በማኅፀን ሳለ ስለማያገኝ ያለ እንገር ከቀረ ዘሩ ምንም ይሁን ምን አያድንም። ከዚያ በኋላ የሚጠብቅዎት ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ውርንጭላው ገና ከእናቱ ጋሪ ጎን እየሮጠ ሳለ በ2 ዓመቱ ማነቆ የሚገባበት ብዙ ነው፤ አጥንቱ ሳይጠና የታጠቀ ፈረስ ደግሞ በ6 ዓመቱ አንካሳ ነው።

ፈረስ መጋላ ስሙ “የፈረስ ገበያ” ሆኖ ሳለ ዛሬ በአደባባዩ የሚቆሙት ባጃጆችና አሮጌ ፔጆዎች በመሆናቸው፣ ድንጉላውን ለማየት ወደ ገጠር ገበያ መውጣትዎ አይቀርም። ሲሄዱ ዕድሜውን ከደላላው አይጠይቁ፤ ከንፈሩን ገልጠው የፊት ጥርሱን ይመልከቱ። መሐለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች የሚለወጡት በ2 ዓመት ተኩል፣ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ ዳርና ዳር ያሉት ደግሞ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ዳር ላይ ትናንሽ ነጫጭ የወተት ጥርሶች ከቀሩ፣ ደላላው 7 ዓመቱ ነው ቢልዎትም ፈረሱ ገና 5 አልሞላውም።